ታሪኩ ተነግሮ እስኪያልቅ

በእኛ ከተማ ሰው ሥዕል የሚያየው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ እንዳይደናገር ብዬ ነው፤ የከተማችን ሰው ለምዶታል። ትልቁ የሥዕል ቤት ከገበያው በላይ ኮረብታው ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት መስኮት የሌለው ነጭ ግንብ ነው። ውስጡ ረጃጅም አዳራሾች አሉት። በግድግዳው ሁሉ ሥዕል ተሰቅሏል፤ በእያንዳንዱም ሥዕል ላይ ወፍራም መጋረጃ ወርዷል። የሥዕሉ ስም መጋረጃው ላይ በክር ተጠልፏል። ጎብኚ እንደ ልቡ እየተዘዋወረ ስሞቹን ማንበብ ይችላል። ብዙ ሰው በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ ይሄድና መጋረጃ አይቶ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

እኔ የሄድኩት ልጄን ፍለጋ ነው።

ልጄ ስንዱ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ ሥራ አለ ሲባል ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። ከማዶ የሚመለሱ ሰዎች ጀልባ መውረጃው አጠገብ ዕቃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ እሷ ብዙ እናገር ነበር። እያደር ግን ከአፌ የሚወጣው "ጠይም ናት፣ ቆንጆ ናት" ብቻ ሆነ።

አንድ ሰውዬ ሻንጣውን እያሰረ፣ "እናቴ፣ ማዶ ያለችው ሁሉ ለእናቷ ቆንጆ ናት። ምልክት ንገሪኝ" አለኝ።

ምልክት ፈልጌ አጣሁ። ቤት ገብቼ ዐይኔን ጨፍኜ ፊቷን ላመጣው ስሞክር ድምፅዋ ይመጣል፤ ኮቴዋ ይመጣል፤ ፊቷ አይመጣም። ጡት አጥብቼ ያሳደግኳት ልጅ መልክ እንዴት ይጠፋብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንዳንዴ መንገድ ላይ የሌላ ሰው ልጅ አያለሁና፣ "ይህን ይመስላል እንዴ አፍንጫዋ?" እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያ የባዕድ አፍንጫ ይቀመጥብኛል። በከተማችን ፎቶግራፍ የሚነሱት ሹማምንትና ሙሽሮች ናቸው። ስንዱ ሁለቱንም አልነበረችም።

ግን አንድ ጊዜ ተስላለች። የሥዕል ቤቱ ሠዓሊ ለሥራው የምትቆምለት ልጅ ፈልጎ ወደ ሰፈራችን መጣና እሷን መረጠ። ክረምቱን በሙሉ እየሄደች ቆመችለት። ክፍያዋ አስቀድሞ የተሰጣትና ለብሳ የቆመችበት ቀሚስ ነበር። አንድ ቀን ስትመለስ፣ "ስሜ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ እማዬ?" አለችኝ።

"ስንዱ ነዋ።"

"አይደለም። 'ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ' ነው። እዚያ ቤት ስንዱ የሚለኝ የለም።"

ሁለታችንም ሳቅን። ያ ነገር ትዝ ያለኝ ፊቷ ከጠፋብኝ በኋላ ነው። ወዲያው ነጠላዬን ለብሼ ኮረብታውን ወጣሁና ለበረኛው ነገርኩት።

"ማንበብ ትችያለሽ?" አለኝ።

"አልችልም።"

"እንግዲያ ስትችዪ ነይ።"

"የወለድኳትን ልጅ ለማየት ማንበብ ምን ያደርግልኛል?"

"ማንበብ የማይችል ሰው አጥብቆ ያያል" አለ በረኛው። "ሥዕል ይጎዳል።"

ሰውዬው ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ሕጉ እንደዚያ ነው። መጋረጃ የሚገለጠው ስሙን ራሱ ላነበበ ሰው ነው፤ ማንም ለማንም አያነብም።

እናም ትምህርት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ጓሮ፣ ከእኔ ብጤ ጎልማሶች ጋር፣ መምህር ይርዳው የሚባል ትዕግሥተኛ ሰው ያስተምረን ነበር። መማሪያችን የሥዕል ቤቱ ታሪክ ነው፤ ከተማችን ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ለጎልማሶች አይታደልም። የእኛ እትም አሮጌ ነበር፤ አዲሱ እኛ ጋ አልደረሰም። ፊደል የለየሁት በሥዕል ቤቱ ኃላፊዎች ስም ነው። መምህር ይርዳው፣ "ምነው እንዲህ ትጣደፊያለሽ? ፊደሉ የትም አይሄድም" ይለኝ ነበር። ፊደሉ አይሄድም፤ እኔ የምፈራው የሚሄደውን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤቱ ጥንት የጨው መጋዘን ነበር። አንድ ገዥ የራሱን መልክ በግድግዳ ሙሉ አሥሎ ሕዝቡ እየገባ እንዲያየው አዘዘ። ሕዝቡም ታዝዞ አየ። ጥቂት ቆይቶ የገዥው ጉንጭ ገረጣ፤ አንገቱ ላይ ያለው ቀለም ተቀርፎ ወደቀ። ግድግዳው ጨው የጠጣ ነበር። አዋቂዎች ግን ተሰብስበው መረመሩና ቀለሙን የላሰው የሰው ዐይን መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ የመጣው ኃላፊ መጋረጃ አስጋረደ። ቀጥሎ የመጣው ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ እይታ ይበቃል አለ። ሌላው የማንበቡን ሕግ አወጣ። መጋረጃዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ይታጠባሉ፤ አጣቢዎቹ አውርደው የሚወስዱትም መልሰው የሚሰቅሉትም ዐይናቸው በጨርቅ ታስሮ ነው፤ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ቢያይም እንደ እይታ ይቆጠርበታልና።

አንድ እይታ ምን ያህል ይርዘም የሚለው ጉዳይ ብዙ አከራክሯል። በሰዓት ይለካ እንዳይባል የቤቱ ሰዓት ቆሟል። በመጨረሻ የቤቱ ታሪክ ተነግሮ እስኪያልቅ ይሁን ተባለ። አስጎብኚዋ ጀርባዋን ለሥዕሉ ሰጥታ ታሪኩን ትናገራለች፤ እሷ ስትጨርስ መጋረጃው ይወርዳል። ያን ጊዜ ታሪኩ ረጅም ነበር። ሰው ወንበር ይዞ፣ ምሳውን ቋጥሮ ይገባ ነበር ይባላል። ሆኖም አንድ ኃላፊ ከሥልጣኑ ሲወርድ የእሱ ምዕራፍ ከታሪኩ ይወጣል፤ ያልወረደ ኃላፊ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቤቱ ባረጀ ቁጥር ታሪኩ እያጠረ ሄደ። አሁን ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ብርጭቆውን ሳያጋምስ ያልቃል።

ሌላም ምዕራፍ ነበረ። ቤቱ ሲሰፋ የድልድይ ሥር ሰፈር የሚባለው ፈረሰ። ነዋሪዎቹ ሲያለቅሱ፣ "ሰፈራችሁ አልፈረሰም፤ ግድግዳ ላይ ወጣ" ተባሉ። እውነትም ሰፈሩ ተሥሎ፣ ድሮ በነበረበት ቦታ ላይ በተሠራው አዳራሽ ተሰቀለ። ተጋረደም።

በዚህ ዕድሜ ማንበብ እንደ ጥርስ ነቀላ ነው፤ ግን ቻልኩ። ተራ ወጣልኝና በቀጠሮዬ ቀን ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ከእኔ ሌላ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ሜትር አንገታቸው ላይ እንደ ሻሽ ጣል አድርገዋል። ልብስ ሰፊ እንደሆኑ፣ ስማቸውም ገረመው እንደሚባል ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

"ምን ልታዪ ነው?" አሉኝ።

"ልጄን።"

"ጥሩ ነው። እኔ ቤቴን ነው። የድልድይ ሥር ልጅ ነኝ።"

"ማንበብ እስኪችሉ ነው እስካሁን የቆዩት?"

"እኔማ ዱሮም አነባለሁ" አሉ ጋሽ ገረመው። "እየፈራሁ ነው የቆየሁት። አንዴ ካየሁት በኋላ ምን እጠብቃለሁ? ዘንድሮ ግን ዐይኔ መድከም ጀመረ። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ከዚህ በላይ ብቆይ መጋረጃውንና ሥዕሉን የምለየው በዳሰሳ ነው።"

አስጎብኚዋ ወጣች። ወይዘሪት ሥርጉት ትባላለች። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ በመናገር ብዛት ሻክሯል። ኪሷ ውስጥ ከረሜላ ይንኳኳል።

"ስታዩ አታልቅሱ" አለችን። "ታሪኩ አይጠብቅም።"

ከመጋረጃው ፊት አቆመችኝ። ስሙን እያንዳንዱን ፊደል እየረገጥኩ አነበብኩ፦ "ቢጫ ቀሚስ... የለበሰች ልጅ።"

"አቋረጡ።"

"ትንፋሽ ወስጄ ነው።"

ጥቂት አሰበችና፣ "ትንፋሽ ይፈቀዳል" አለች። ገመዱን ሳበችው፤ ጀርባዋን ሰጠች። "ይህ ቤት በጥንት ዘመን የጨው መጋዘን ነበር..."

ያየሁት ቤት ነው። አንድ ቤት አይደለም፤ እርስ በርሱ የተደጋገፈ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ደረጃ፣ ከላይ ድልድይ። ሰው አንድም የለበትም። እዚያ ውስጥ ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። መስኮቱን አንድ በአንድ አየሁ። የበሩን ስንጥቅ አየሁ። ደረጃው ጥግ ላይ ቢጫ ነገር አይቼ ጠጋ አልኩ፤ የተሰጣ በርበሬ ዛላ አጠገብ የተደፋ ሰፌድ ነው። ሁለተኛውን የጣሪያ መደዳ ሳላልፍ ከኋላዬ፣ "...እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ አለ" ስትል ሰማሁ። መጋረጃው ወረደ።

"ልጄ የለችም" አልኩ።

"መጋረጃው ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ይላል" አለች ወይዘሪት ሥርጉት።

"ቤቶች ናቸው።"

"እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ያነበቡትን ነው ያዩት።"

"አላየኋትም እኮ።"

"ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ። ቅሬታው የሚቀርበው ያንን ሥዕል ላየ ኃላፊ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያየ ኃላፊ የለም" አለች።

ያለችኝን አንዲት እይታ በሰው ጣሪያ ላይ ጨርሼያታለሁ። ጋሽ ገረመው ግን ተነሥተው መጥተው ክንዴን ያዙ።

"ምን ቤት ነው ያልሽው?"

"የቆርቆሮ ቤት። ድልድይ ሥር።"

"አረንጓዴ በር አለ?"

"አለ።"

"የተዘጋ?"

"ገርበብ ያለ።"

"መስኮቱ ላይስ?"

"በጣሳ የተተከለ በሶብላ።"

ጋሽ ገረመው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ጠቀለሉት። "ባለቤቴ ናት የተከለችው" አሉ። "ጨርቁን በሶብላ በሶብላ አስሸተትሽብኝ እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር። ደንበኛ ግን ይወደው ነበር።"

ከዚያ ሁለታችንም ወደ ጎን አየን። ከእኔ መጋረጃ ቀጥሎ ያለው መጋረጃ ላይ "የድልድይ ሥር ሰፈር" ተብሎ ተጠልፏል።

"አጣቢዎቹ" አሉ ጋሽ ገረመው። "ዐይናቸው ታስሮ ነው የሚሰቅሉት።"

"ሌላም ሥዕል ሊሆን ይችላል" አልኩ። ተስፋ ማድረግ ፈርቼ ነው።

"ይችላል። የገዥው በቅሎም ልትሆን ትችላለች።"

"ተራ ያለዎት ይቅረቡ" አለች ወይዘሪት ሥርጉት። "የትኛውን ያነባሉ?"

ምን ማለት እንደምፈልግ አውቅ ነበር፤ ግን አላልኩም። ሰውዬው ያንን በር ለማየት ዕድሜያቸውን ጠብቀዋል፤ በሩ አሁን ክንዳቸው በሚደርስበት ቦታ ነው። የእኔን መጋረጃ ስም ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። የነጠላዬን ጥለት ስቋጥርና ስፈታ አዩኝ መሰለኝ።

"አንቺ" አሉኝ፣ "ቤቱን በደንብ አይተሽዋል?"

"እያንዳንዱን መስኮት።"

"ስንወጣ ትነግሪኛለሽ።" ወደ ቀጣዩ መጋረጃ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። "ቤቱ እንደሆነ ተመልሼ አልገባበትም። ልጅቷ ግን ልትመለስ ትችላለች። በቅሎዋ ከሆነች ግን እስክሞት ድረስ አልለቅሽም።"

"የድልድይ ሥር ሰፈር" ብለው በአንድ ትንፋሽ አነበቡ።

እኔ እይታዬን ስለ ጨረስኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የመጋረጃው ቀለበቶች ሲንሸራተቱ ሰማሁ። "ይህ ቤት በጥንት ዘመን የጨው መጋዘን ነበር" አለች ወይዘሪት ሥርጉት።

"ጋሽ ገረመው፣ ምን አለ?"

"ቀሚስ" አሉ።

"ቢጫ?"

"ቢጫ። ወገቡ ላይ ተቀንሷል። የቀነሰው ሰው ሙያ የለውም።"

"እኔ ነኝ የቀነስኩት።"

"ክሩም የጨርቁ ዓይነት አይደለም።"

"ፊቷን ይንገሩኝ።"

"እደርሳለሁ። ከእግር ነው የሚጀመረው፤ ልብስ እንዲህ ነው የሚታየው። ዘርፉ በግራ በኩል..."

"ጋሽ ገረመው፣ ታሪኩ እያለቀ ነው።"

እውነትም እያለቀ ነበር። ወይዘሪት ሥርጉት በታሪኳ መጋረጃውን አስጋርዳ፣ የማንበቡን ሕግ አውጥታ፣ አሁን ወዳሉት ኃላፊ እየደረሰች ነው። በዚያች ቅጽበት የአሮጌው መጽሐፋችን አንድ ገጽ ትዝ አለኝ። ታሪኩ ሲነገር በአዳራሹ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ጥያቄ ቢጠይቅ፣ መልስ ሳያገኝ ታሪኩ እንዳይቀጥል የሚል ሕግ አለ። ሕጉን ያወጡት ኃላፊ ከታሪክ ወጥተዋል፤ ሕጉን መሻር ግን ማንም አላስታወሰም።

"ይቅርታ ወይዘሪት" አልኩ ለግድግዳው። "በመጽሐፋችን መስኮቶቹን መልሰው ያስከፈቱት ኃላፊ የት ገቡ?"

ታሪኩን አቆመች። ከዚያ፣ "እንደዚህ ያሉ ኃላፊ አልነበሩም" አለች።

"ለምን አልነበሩም?"

ከረሜላ ሲላጥ ሰማሁ። የዚያ ቤት አስጎብኚዎች እያንዳንዱ ኃላፊ ያልነበረበትን ምክንያት በቃላቸው እንዲይዙ ይደረጋል፤ ይህን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

"ያልነበሩበት ምክንያት" አለች፣ "የምሥራቁን መስኮት ስላላስከፈቱ ነው። በዚያ መስኮት ያልገባው ብርሃን ሦስተኛው አዳራሽ ድረስ አልደረሰም። ሕዝቡም በዚያ ብርሃን አልተደሰተም። ያልተከፈተውን መስኮት መልሶ ለማስደፈን የወጣው ወጪ..."

"ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል" አሉ ጋሽ ገረመው። "ልብስ ብሰፋላት በዚያ በኩል አንድ ጣት እጨምር ነበር።"

"ውሃ የምታመላልስበት ነው። ፊቷስ?"

"ግንባሯ ሰፊ ነው። ግራ ቅንድቧ መሃል ላይ ተቋርጧል፤ እንደተበጠሰ ክር።"

ግድግዳውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ድክ ድክ ስትል የበሩ ደፍ ላይ ወድቃ ነው። ደሙን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ጤና ጣቢያ ሮጫለሁ። ይህን ሁሉ ረስቼ፣ "ቆንጆ ናት" እያልኩ ጀልባ መውረጃው ላይ እለምን ነበር።

ወይዘሪት ሥርጉት ወደ ታሪኩ ልትመለስ ስትል ስለ ሌላው ኃላፊ ጠየቅኋት። እሳቸውም አልነበሩም። ያልነበሩበት ምክንያት ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ያልሠሩት ሥራ ብዙ ነው።

"ከንፈሯስ?" አልኩ።

"የታችኛውን በጥርሷ ይዛዋለች። ሳቅ መጥቶባት ነው። አትሳቂ ተብላ ቆማለች።"

"ዐይኗ?"

ጋሽ ገረመው ጠጋ አሉ መሰለኝ፤ ጫማቸው ሲንሻተት ሰማሁ። "ትልቅ ነው። ከዳር ወደ ላይ ያዝ ያደርገዋል። ግን ሠዓሊውን አታይም። በጎኑ አሳልፋ ነው የምታየው። በር ይኖራል በዚያ በኩል።"

ያሉትን ነገር ሁሉ እንዳይጠፋብኝ በከንፈሬ እየደጋገምኩ ጥያቄ እፈልጋለሁ። የመጽሐፌ ኃላፊዎች አለቁ። አሁን "እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ" ትላለች ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"የጨረሱ መሰለኝ" አለች ወይዘሪት ሥርጉት። ጀርባዋን እንደሰጠች ነው። "ጣሪያውን ስላስቀየሩት ኃላፊ አልጠየቁኝም።"

"እሳቸው በመጽሐፌ የሉም" አልኩ።

"በሌላውም የሉም" አለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ እሳቸው ያልነበሩበትን ምክንያት ከቆርቆሮው ዓይነት ጀምራ ቀስ ብላ ማስረዳት ቀጠለች።

"ፈርታለች?" አልኳቸው ጋሽ ገረመውን። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት መልሱን ፈርቼ ነው።

እስካሁን እንደ ልብስ ሰፊ ነበር የሚያዩት፤ አሁን ግን እንደ ሰው የሚያዩ መሰለኝ።

"አልፈራችም" አሉ። "ቸኩላለች።"

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቤታቸውን ሰጠኋቸው። ከላይኛው ጣሪያ ጀምሬ መስኮት በመስኮት ነገርኳቸው። የሌለ ነገር አልጨመርኩም፤ ሲጠይቁኝ ያላየሁትን አላየሁም አልኩ። የምጣዱ ጭስ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የደረጃው ጠርዝ የት ላይ እንደተሸረፈ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ላይ፣ "ተሳስቷል፤ እዚያ ግድግዳ አልነበረም" እያሉ ከሠዓሊው ጋር ይጣላሉ። ከዚያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው ወደ ገበያው ወረዱ። እኔም ያው የእጅ ጽሑፌ እየተንጋደደም ቢሆን፣ የሰማሁትን በመማሪያዬ ጀርባ ላይ ጻፍኩና ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ጀልባው አራግፎ ጨርሶ ነበር። አንዲት ሴት ብቻ ፍራሿን በገመድ እያሰረች ቀርታለች። ድካሟ ፊቷ ላይ ይታያል። ሰላም ብያት አጠገቧ ቁጭ አልኩና፣ ከወረቀት ሳላነብ፣ ስለ ስንዱ ግራ ትከሻ ነገርኳት። ስለ ቅንድቧ ነገርኳት። ሳቅ ሲመጣባት ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ ሰው ሲያናግራት ዐይኗ በጎኑ አልፎ በሩን እንደሚያይ፣ ሁልጊዜም እንደምትቸኩል ነገርኳት።

ሴትየዋ ገመዱን ለቀቀችው። ፍራሹ ተዘርግቶ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

"እስቲ ስለ ቅንድቧ ያልሽውን ድገሚልኝ" አለችኝ።